የዙልሚራ ፊርማና የፋሩሽኩ ደም

ዙልሚራ ከዚያ እሑድ በኋላም የወንድሟን ሸሚዞች መተኮስ ለምን አላቆመችም? ብዙ አስቤበታለሁ። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካውያዋን ስታነሳና ስታስቀምጥ ይሰማኛል። አራት ሸሚዝ፣ አንዳንዴ አምስት። ኮሌታውን ዘላ ብትሰጠው እንኳ ይገባኝ ነበር። እሷ ግን ኮሌታውንም ትተኩሰዋለች።

እኔ የማውቀው የሆነውን ብቻ ነው። ግማሹን ራሷ ነግራኛለች፤ ግማሹን መንደሩ አውርቶታል፤ የመጨረሻውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ዙልሚራ የተወለደችው እዚሁ ባሮዞ ተራራ ላይ፣ ኡርዜዱ በሚባለው መንደራችን ነው። ዘጠነኛ ክፍል እንደጨረሰች እናትና አባቷ በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱ። የስምንት ዓመቱን ወንድሟን አዴሪቱን አጥባና አብልታ ያሳደገችው እሷ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ከተማ ያለው የከብት እርባታ ጣቢያ የላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ አድርጎ ቀጠራት። በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ በአውቶቡስ ትመለሳለች።

ጣቢያው የላም ፅንስ በብርጭቆ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሾፌሩ ጠዋት ከቄራ የታረዱ ላሞችን የእንቁላል ዕጢ ሞቅ ባለ ጨዋማ ውሃ፣ በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል። እንቁላሎቹ በመርፌ ይመጠጣሉ፤ ከኮርማ ዘር ጋር ይቀላቀላሉ፤ ሰባት ቀን በሙቀት ሳጥን ይቆያሉ። ከዚያ የገበሬ ላም ማህፀን ውስጥ ይገባሉ። ከየዙሩ ጥቂቶቹ ግን ላም ጋ አይደርሱም፤ ክሮሞዞማቸው ይቆጠራል። የከብት ሴል ስልሳ ክሮሞዞም ሊኖረው ይገባል። ብርጭቆ ውስጥ የተሠራ ፅንስ ደግሞ ይሳሳታል፤ አንዱ ሴሉ ስልሳ ይዞ ሌላው መቶ ሃያ ይዞ ይገኛል፣ ወይም አንዲት ክሮሞዞም ትጎድለዋለች፣ ወይም ትተርፈዋለች። ስህተቱ ሲበዛ ፅንሱ ሳይታይ ይሞታል፤ ላሚቱም ባዶዋን ትቀራለች።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ሌዎኒልድ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ጣቶቿ ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ የሚሸቱ ሴት። ዙልሚራን ከዕቃ ማጠቢያው አንስታ ማይክሮስኮፕ ፊት ያስቀመጠቻት እሷ ናት። ምክንያቱ ትንፋሽ ነው። ሴሉ ያለበት ጠብታ ስስ መስተዋት ላይ ሲያርፍ አንድ ሰው ሊተነፍስበት ይገባል። ትንፋሹ ካነሰ ክሮሞዞሞቹ ተከምረው ይቀራሉ፤ ከበዛ ተበታትነው የማን እንደሆኑ አይታወቅም። አንድ ቀን ዶክተሯ ጉንፋን ይዟት ዙልሚራን "ነይ እስኪ ተንፍሺበት" አለቻት። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ስልሳዎቹ ተለያይተው፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ተዘርግተዋል።

"ሰባት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ይህን ትንፋሽ አላገኘሁትም" አለች ዶክተሯ።

ሾፌሩ ይህን ከሰማ ወዲህ ፋታ አልሰጣትም።

"ዙልሚራ፣ እባክሽ ጉልበቴ ላይ አንዴ ተንፍሺበት፤ ሌሊት ይጠዘጥዘኛል።"

"አንተ ላይ ከተነፈስኩማ ተበታትነህ ሰብሳቢ ታጣለህ!"

ኮምፒዩተር ጣቢያው ገና አልገባም ነበር። የተዘረጋው ሴል ፎቶ ይነሳል፤ ፎቶው ይታጠባል፤ ክሮሞዞሞቹ አንድ በአንድ በመቀስ ይቆረጣሉ፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወረቀት ላይ ይለጠፋሉ። የጣቢያው ደንብ ደግሞ የሚፈርመው የተነፈሰው ሰው ነው ይላል። ለጣፊው አይፈርምም። ሙጫው ወረቀቱን ስለሚያረጥበውና ቀለም ስለሚያፈስ፣ ዙልሚራ የምትፈርመው ከመለጠፉ በፊት፣ በባዶው ወረቀት ላይ ነበር። ሰኞ ጠዋት አሥር አሥራ አምስት ወረቀት ፈርማ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣለች። ማንም ነውር ነው አላላትም። እሷም አላሰበችውም። ዶክተሯ "ልጄ" ነበር የምትላት፤ ልጅ ደግሞ እናቱ መሳቢያ ውስጥ ምን እንዳለ አይቆጥርም።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠሩ።

የኡርዜዱ ኮርማ የአንድ ሰው አይደለም፤ የመንደሩ ነው። የራሱ መስክ አለው፤ ጠባቂውን ጉባዔው ይመርጣል። ያኔ ጠባቂው አዴሪቱ ነበር፤ ሃያ አራት ዓመቱ። ኮርማው ፋሩሽኩ ይባላል፤ ቀንዱ እንደ ክራር ወደ ላይ የተነሳ፣ ደረቱ መሬት ሊነካ የደረሰ። ሁለት ዓመት በተከታታይ የጎረቤቱን መንደር የኮቬሉን ኮርማ ቀንድ ለቀንድ ገጥሞ ገፍቶ አባሮታል። ከፍልሚያው በኋላ አዴሪቱን በትከሻቸው ተሸክመው ነው ያስገቡት። ሱቅ ሲገባ ወይን የሚከፍልለት አይጠፋም። ያለ ፋሩሽኩ አዴሪቱ ማን ነበር? ትምህርቱን ያቋረጠ፣ እህቱ የምታበላው ልጅ።

ጣቢያው በዚያ ዓመት ከፋሩሽኩ ዘር ፅንስ ሠርቶ ለየቤቱ ላም ሊሰጥ ተስማማ። ሴቶቹ ዙልሚራን መንገድ ላይ ያዟት።

"አንቺ ትቆጥሪዋለሽ አይደል?" አለች ኤውፌሚያ። ባሏ ሞቶባት አንዲት ላም ብቻ ይዛ የቀረች ጎረቤታችን ናት።

"እቆጥረዋለሁ።"

"እንግዲያው የእኔንም ላም መዝግቢያት። ሐኪሞቹን አላምንም። አንቺን ግን ዳይፐር ለብሰሽ አውቅሻለሁ።"

የመጀመሪያዎቹ ፅንሶች ሲቆጠሩ ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ተዛብተው ተገኙ። ብርጭቆው ያጠፋል ቢባልም ይህን ያህል አያጠፋም። ዙልሚራ ኮርማውን ጠረጠረች። ደሙን ልትቀዳ መስኩ ድረስ ወጣች። አዴሪቱ ጅራቱን ቀና አድርጎ ያዘላት። የጉባዔው ሽማግሌ አጎት ቤልሚሩ በዱላቸው ተደግፈው ይመለከታሉ።

"ቀስ በይ!" አለ አዴሪቱ። "በርሜል የምትሞዪ መሰለሽ እንዴ?"

"አንተ ዝም ብለህ ያዝ። እሱ ዝም ብሏል፤ የምትጮኸው አንተ ነህ።"

"ደሙን ምን ልታደርጊው ነው?" አሉ አጎት ቤልሚሩ።

"ልቆጥረው ነው፣ አጎቴ።"

"ኮርማ አንድ ነው። ምኑ ይቆጠራል?"

ከሦስት ቀን በኋላ ደሙ ተዘጋጅቶ መስተዋት ላይ አረፈ። ተነፈሰችበት። ሃምሳ ዘጠኝ። ሌላ ሴል አየች፤ ሃምሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ሴል ቆጠረች። በሁሉም ውስጥ አንድ ረጅም፣ ወገብ ያለው፣ መኖር የሌለበት ክሮሞዞም አለ። ትልቁና ከትንንሾቹ አንዱ ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ለፋሩሽኩ ለራሱ ምንም አልጎደለበትም፤ ያለው ሁሉ አለው፤ ብርታቱም ያው ነው። ዘሩን ሲያካፍል ግን ክፍፍሉ ይዛባል። ለአንዱ ፅንስ ይተርፈዋል፣ ለሌላው ይጎድለዋል። ይህ ብርጭቆው ከሚያጠፋው ጋር ሲደመር ከላሞቹ ብዙዎቹ ባዶ ይቀራሉ፤ ለመውለድ ከበቁት ጥጆችም ገሚሱ ያንኑ ይወርሳሉ።

ዶክተር ሌዎኒልድ በማይክሮስኮፑ ረጅም ጊዜ አየች።

"ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር" አለች። "ከፋሩሽኩ የተሠራው ሁሉ ይጣላል። ለመንደሩ እኔው መጥቼ እነግራቸዋለሁ፤ እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።"

ዙልሚራ ለማንም አልተናገረችም፤ ከአንድ ሰው በቀር። ማታ አዴሪቱ ሾርባውን ሲጠጣ ነገረችው። ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ያኮላሹታል ማለት ነው?"

"ምናልባት።"

"አንቺ ነሽ ያኮላሸሽው በይኛ!" ብሎ ወጣ። በማግስቱ ግን ይቅርታ ጠየቃት፤ ግንባሯን ሳማት። ደስ አላት።

በሳምንቱ ዶክተሯ "ደክመሻል፤ ፖርቱ፣ ባሕሩ ጋ፣ የሁለት ሳምንት ሥልጠና አለ፤ ስምሽን ሰጥቻለሁ" አለቻት። ዙልሚራ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። ስትመለስ ፋሲካ አልፏል፤ በሃያ ሁለት ቤት ሃያ ሁለት ላም ፅንስ ገብቶላታል።

"ከየትኛው ኮርማ?" ብላ ጠየቀች።

"ከሌላ ነው" አለች ዶክተሯ። "ለመንደሩ ነግሬያቸዋለሁ፤ ተረድተውኛል።"

አመነቻት። ወንድሟም ስለ ኮርማው መኮላሸት ነገር ማንሳት ተወ፤ ያንንም እንደ መልካም ምልክት ቆጠረችው።

ድርቆሽ የሚታጨድበት ወቅት ሲደርስ ላሞቹ በየተራ ኮርማ መፈለግ ጀመሩ። ጣቢያው ከሦስት አንዷ ትይዛለች ብሎ ነበር። ከሃያ ሁለቱ የያዙት ሁለት ብቻ ሆኑ። ዙልሚራ ከአውቶቡስ ስትወርድ ኤውፌሚያ መንገዱ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

"ላሜ ዛሬም ስትጮህ ዋለች። ትንፋሽሽ አርጅቷል መሰለኝ።"

"ሌላ ኮርማ ስለሆነ እኔ አልቆጠርኩትም፣ ኤውፌሚያ።"

"የምን ሌላ ኮርማ? የፋሩሽኩ ነው እንጂ! ወረቀቱ ላይ የፈረምሽውስ?"

"የቱ ወረቀት?"

"አታላግጪ። ምድጃ ቤት የተሰቀለው ነዋ።"

የጋራው ምድጃ ቤት ሁላችንም ዳቦ የምንጋግርበት ነው፤ ማስታወቂያም የሚለጠፈው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ዙልሚራ ዳቦ ከከተማ ስለምትገዛ ከገባች ወራት ሆኗት ነበር። ያን ዕለት ቦርሳዋን እንደያዘች ገባች። ወረቀቱ መስተዋት ውስጥ ገብቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከላይ "ፋሩሽኩ፣ የኡርዜዱ ኮርማ፣ ስልሳ ክሮሞዞም፣ ጤናማ" ይላል። ከታች የእሷ ፊርማ። ከመካከል ስልሳዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል፤ አንድም የጎደለ የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አያይም ነበር። የክሮሞዞም ጫፍ ድቡልቡል ነው። በመጀመሪያው ጥንድና በሃያ ዘጠነኛው ጥንድ ውስጥ ግን አንድ አንድ ክሮሞዞም ነበር፤ ጫፉ ቀጥ ያለ፣ በምላጭ እንደተከረከመ ጥፍር። ወገብ የነበረው ክሮሞዞም ወገቡ ላይ በመቀስ ተቆርጦ ሁለት ተደርጓል። ሃምሳ ዘጠኙ ስልሳ ሆነ። እንዲህ አድርጎ መቁረጥ የሚችል ሰው በአገሩ ከሁለት አይበልጥም፤ አንዷ እሷ ናት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ዓርብ፣ ጣቢያ ስትደርስ ዶክተሯ ብርቱካን ትልጥ ነበር።

"ምድጃ ቤት ገባሁ" አለች ዙልሚራ።

ዶክተሯ ብርቱካኑን አስቀመጠች። "ተቀመጪ፣ ልጄ።"

"አልቀመጥም። ከመሳቢያው ነው ያወጡት?"

"የፋሩሽኩ ውል ቢቀር ገንዘብ ስለማይመጣ ይህ ጣቢያ በበጋው ይዘጋ ነበር። አንቺም እኔም ቤታችን ነበርን። ደግሞ አዴሪቱ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ከተኮላሸ ራሴን አጠፋለሁ አለኝ። ምን ላድርግ?"

"አዴሪቱ?"

"አልነገረሽም?"

"ለምን በእኔ ስም?" አለች ዙልሚራ።

"በእኔ ቢሆን ማን ያምናል? መንደርሽ የሚያምነው አንቺን ነው።" ይህን ያለችው እንደ ምስጋና ነበር። ዙልሚራ ስትነግረኝ እዚህች ላይ ሁልጊዜ ትስቃለች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው።

ፎቶ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ገብታ የፋሩሽኩን ያልተነካ ፊልም ከተቀመጠበት ፖስታ አወጣች፤ ማንም አልከለከላትም። ከተማው ውስጥ ላለው የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ሰጠችው። ሰውዬው በብርሃን እያገላበጠ አየው።

"ይሄ ምንድነው? ሩዝ ነው ትል?"

"ኮርማ ነው።"

"አስቀያሚ ኮርማ ነው እቴ! ስንት በስንት ላውጣልሽ?"

"ለሙሽራ የምታወጣውን ያህል።"

ቅዳሜ ወንድሟን መስኩ ላይ አገኘችው። ከሐሙስ ጀምሮ ዓይኗን አልከደነችም፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አዴሪቱ ሲያያት ገባው። ማስተባበል ጀመረና ተወው።

"ባለቅስ ዶክተሯ ታዝንልኛለች ብዬ ነው። በአንቺ ስም ታደርገዋለች አላልኩም።"

"ወረቀቱን በየቀኑ እያየህ ሦስት ወር ዝም አልክ።"

"ነሐሴ ላይ ከኮቬሉ ጋር ፍልሚያ አለ። ከዚያ በኋላ ልነግርሽ ነበር።" ከዚያ እጇን ያዘ። "ነገ ጉባዔ ላይ እኔ ራሴ እናገራለሁ። በአባታችን ነፍስ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ምድጃ ቤቱ ፊት ተሰበሰበ። ዙልሚራ ትልቁን ፎቶ ዳቦ የሚደረደርበት የድንጋይ ገበታ ላይ ዘረጋችው። ወረቀቱንም ከነመስተዋቱ አውርዳ አጠገቡ አኖረችው።

"ይህ የፋሩሽኩ ደም ነው፤ እኔ የተነፈስኩበት" አለች። "ይህኛው ደግሞ እኔ የፈረምኩበት። አንድ አይደሉም። እኔን አትመኑ፤ ራሳችሁ ቁጠሩ።"

አጎት ቤልሚሩ በቆሎ አስመጡ። ስልሳ ፍሬ ቆጥረው መዳፋቸው ላይ አደረጉ፤ በየክሮሞዞሙ ላይ አንድ አንድ ፍሬ እያኖሩ ሄዱ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አብሮ ይቆጥራል። ልክ በግ ወደ በረት ሲገባ እንደሚቆጠር፣ በጩኸት። ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ፎቶው ሞላ። አጎት ቤልሚሩ መዳፋቸው ላይ የቀረችውን አንዷን ፍሬ ለሁሉም አሳዩ።

"ይህቺስ?" አሉ።

"እሷ በመቀስ የተሠራች ናት" አለች ዙልሚራ።

"እና ለምን ፈረምሽ?" ሲል አንዱ ጮኸ።

"ባዶ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር። ጥፋቴ እሱ ነው።"

"ባዶ ወረቀት ላይ የሚፈርም ጤነኛ አለ?"

"የእኔስ ላም?" አለች ኤውፌሚያ። "ዓመቱ አመለጣት! ከመንደሩ ውስጥ ይህን ያወቀ ሰው አለ?"

ዙልሚራ ወደ አዴሪቱ ዞረች። ሁላችንም ያየችውን አየን። እሱ ቆቡን በሁለት እጁ ያሽከረክራል።

"አዴሪቱ፣ የኮርማው ጠባቂ አንተ ነህ" አሉ አጎት ቤልሚሩ። "ታውቅ ነበር?"

"እኔ በምን አውቃለሁ?" አለ። "ሳይንሱ የእሷ ነው። የነገረኝ የለም።"

እንድትናገር እጠብቅ ነበር። ዙልሚራ አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። አሥራ ስድስት ዓመት ያሳደገችውን ልጅ በመንደሩ ፊት ውሸታም ማለት አቃታት መሰለኝ፤ ወይም ሌላ ነገር ነበር።

ከዚያ ረጅም ክርክር ሆነ። ከፋሩሽኩ ፅንስ እንዳይሠራ፣ ላሞቹ በሙሉ ለሌላ ኮርማ እንዲወሰዱ ሁሉም ተስማማ። ፋሩሽኩ ግን እስከ ነሐሴ ፍልሚያ ድረስ ይቆያል። ከዚያ የወረቀቱ ነገር መጣ።

"ከወረደ የኮቬሉ ሰዎች ይሰማሉ" አለ አንዱ። "ኮርማችሁ ጎዶሎ ነው እያሉ ዕድሜ ልካችንን ይስቁብናል።"

"እና ይሰቀል?"

እጅ ተቆጠረ። ዙልሚራ ከልማዷ አብራ ስትቆጥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ይሰቀል ያሉት ሠላሳ አንድ ነበሩ፤ አይሰቀል ያሉት አራት። ኤውፌሚያ ይሰቀል ከሚሉት ጋር ነበረች። አዴሪቱም እጁን አውጥቷል። እኔም አውጥቻለሁ።

አጎት ቤልሚሩ ወረቀቱን ከመስተዋቱ አወጡ። የኪስ ቢላዋቸውን ከፍተው ታችኛውን ጠርዝ፣ ፊርማው ያለበትን፣ በጥንቃቄ ቆርጠው ለዙልሚራ ዘረጉላት።

"ስምሽን ውሰጂ፣ ልጄ" አሉ። "ወረቀቱ ይቆይልን።"

ክፋት አልነበረባቸውም። የሰጧት የሚገባትን መስሏቸው ነበር። ተቀበለች። ጨበጠችው። ሰው መንገድ ለቀቀላትና ሄደች። ከኋላዋ መስተዋቱ ወደ ግድግዳው ሲመለስ ሚስማሩ ሲንኳኳ ይሰማል።

ኤውፌሚያ እጇን በማውጣቷ ሳይሰማት አልቀረም፤ ተከትላት ቤቷ ገባች። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ኤውፌሚያ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።

"ጫማዋን አወለቅኩላት" አለችኝ። "ያችን ቁራጭ ወረቀት ግን ከእጇ ማስለቀቅ አልቻልኩም። ተያት ብዬ ተውኩ። አሁን ተኝታለች።"

ከሐሙስ ወዲህ ያልተኛች ሴት ናት፤ ሰዓቴን አየሁ። ከቀኑ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።